ጉዳትን ማስወገድና ጉዳትን ማዛወር



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን! ልጆቻችሁ ከሚማሩበት ትምህርት ቤት አጥር ጎን የኤሌክትሪክ ኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ሊሠራ ነው ብትባሉ ምን ትላላችሁ? አብዛኞቻችን ነገሩን ሰምተን ሳንጨርስ «አይሆንም!» እንላለን። ልጅ አላህ በአደራ የሰጠን አማና ስለሆነ እንዲህ ማለታችን አያስወቅሰንም። ነገር ግን ከ«አይሆንም» በኋላ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም «ታዲያ የት ይሁን?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነውና በዛሬው ጽሑፋችን ስለ እሱ እንወያይ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከዐስር ሰላት በኋላ የአንድ ተማሪዬ አባት ወረቀት ይዞ ወደ መድረሳው መጣ። በሰፈራችን ትምህርት ቤት አጠገብ ባለው ባዶ መሬት ላይ ማከፋፈያ ጣቢያ ሊሠራ መታሰቡን፣ ወላጆችም ተቃውሟቸውን በፊርማ ሊያቀርቡ መሆኑን ነገረኝ። «ኡስታዝ፣ የእርስዎ ስም ከፊት ካለ ሰው ይከተላል» አለኝ። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ ሳልጨርስ ፈረምኩ። በገጹ ላይ ጣቢያው ልጆችን ለካንሰር እንደሚዳርግ ምንም ጥርጥር እንደሌለው ተደርጎ ተጽፎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ማዶ የምትኖር፣ ሁለት ልጆቿን ቁርኣን የማስቀራላት እናት መጣች። እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር ናት። «ኡስታዝ፣ እርስዎ የፈረሙበት ወረቀት ጣቢያው ወደ እኛ ሰፈር ይሂድ ይላል አሉ። እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይደለም እህቴ፤ ከልጆቹ ይራቅ ነው የሚለው» አልኳት። ቢሆንም ልቤ ስላላረፈ ወረቀቱን አስመጥቼ ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩ። እሷ እንዳለችው ነበር። በምትኩ የተጠቆመው ቦታ የእነሱ ጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩበት፣ ትንንሽ ልጆች አሊፍ፣ ባ የሚሉበት የቆርቆሮ ቤትም ያለበት ዳርቻ ነው። በንግግሯ ቁጣ አልነበረም። «የእኛዎቹስ ልጆች አይደሉም እንዴ ኡስታዝ?» ብላኝ ሄደች።

ለዚህች እናት በዚያን ሰዓት የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ግን ያነበብኩትንና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ለእናንተ ለማካፈል ወደድኩ።

ሸሪዓችን ስለ ጎረቤት ጉዳት ምን ያስተምረናል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ሌላውን መጉዳትም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ እንደማይገባው አስተምረዋል። ይህ ሐዲስ ኢማም ነወዊ በሰበሰቧቸው አርባዎቹ ሐዲሶች ውስጥ 32ኛው ሲሆን፣ የፊቅህ ሊቃውንት ከአምስቱ ታላላቅ መርሆዎች አንዱን፣ ማለትም ጉዳት መወገድ አለበት የሚለውን፣ ያቆሙት በእሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በዑስማንያ መንግሥት ዘመን ከሐነፊ መዝሀብ የተጠናቀረው «መጀለ» የተባለው ሕግ ከዚሁ መርህ የመነጩ ሁለት ደንቦችን በ25ኛውና በ26ኛው አንቀጽ ላይ ጎን ለጎን አስፍሯቸዋል። አንደኛው አንድን ጉዳት እሱን በመሰለ ሌላ ጉዳት ማስወገድ እንደማይቻል ይገልጻል። ሁለተኛው ደግሞ የብዙኃኑን ጉዳት ለመከላከል ሲባል የጥቂቶችን ጉዳት መታገስ እንደሚያስፈልግ ያስረዳል።

ይኸው ሕግ የጎረቤታሞችን ጉዳይ ሲዘረዝር ከእኛ ጥያቄ ጋር በጣም የሚቀራረብ ምሳሌ ይሰጣል። አንድ ሰው ከሌላው ቤት ጎን የብረት መቀጥቀጫ ወይም ወፍጮ ቢያቆምና በመዶሻው ምት ወይም በወፍጮው መዞር የጎረቤቱ ግድግዳ የሚናጋ ቢሆን፣ ይህ ከባድ ጉዳት ስለሆነ በገዛ መሬቱ ላይ ቢሆንም እንኳ ይከለከላል። የምድጃው ጭስ ጎረቤቱን ቤቱ ውስጥ መቀመጥ ካስቸገረውም እንዲሁ ነው። የጎረቤትን ነፋስ ወይም ውብ እይታ መቀነስ ብቻውን ግን ከባድ ጉዳት አይባልም። እንግዲህ ልብ በሉ! ሸሪዓችን «ጎረቤቴ አልወደደውምና ይቅር» አላለም፤ «መሬቱ የእኔ ነውና ያሻኝን እሠራለሁ» ማለትንም አልፈቀደም። ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ይመዘን ነው ያለው።

መዛኙስ ማን ነው? በ14ኛው ክፍለ ዘመን በቱኒስ ኢብኑ ራሚ የተባሉ ግንበኛ ነበሩ። ቃዲዎች በጎረቤታሞች መካከል ክርክር ሲነሳ ግድግዳውንና ጭሱን በዓይናቸው አይተው እንዲመሰክሩ ይልኳቸው ነበር፤ እሳቸውም ስለ ሕንፃና ስለ ጎረቤት መብት መጽሐፍ ጽፈው አልፈዋል። ቃዲው ዓሊም ሆኖ ሳለ ስለ ግድግዳ ግንበኛ መጠየቁን አላፈረበትም። እኛም ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ብንጠይቅ ዲናችን የሚያዘንን አደረግን እንጂ ሌላ አይደለም።

የሚታወቀውና የማይታወቀው

ኤሌክትሪክ ከግድቡ ሲነሳ በጣም ከፍተኛ በሆነ ቮልት ይጓዛል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ ሕዳሴ ግድብ የሚወጣው ኃይል በ500 ሺህ ቮልት መስመር ይመጣል፤ በየቤታችን ግን የምንጠቀመው በ220 ቮልት ነው። በመካከሉ ደረጃ በደረጃ ዝቅ የሚደረገው በማከፋፈያ ጣቢያዎች በሚገኙ ትራንስፎርመሮች አማካኝነት ነው። ስለዚህ ጣቢያው ከተጠቃሚው ሕዝብ በጣም ርቆ ሊቆም አይችልም። «መብራቱ ይምጣ፣ ጣቢያው ግን በየትም ሰፈር አይሠራ» ማለት ወፍጮ ቤቱን እያፈረሱ ዱቄት መጠየቅ ነው።

ስለ ካንሰር የሚወራው ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1979 ወርትሃይመርና ሊፐር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ባደረጉት ጥናት፣ በካንሰር የሞቱ ልጆች ብዙ ኤሌክትሪክ በሚያልፍባቸው ሽቦዎች አቅራቢያ የኖሩበት ሁኔታ ከሌሎቹ ልጆች በዝቶ እንዳገኙት ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥናቶች ተደርገዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን የማግኔት መስክ ካንሰር «ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል» ከሚባሉት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገባው። ምክንያቱም ከ0.3 እስከ 0.4 ማይክሮ ቴስላ ከሚደርስ አማካይ መጠን በላይ ባለባቸው ቤቶች የሚኖሩ ልጆች ላይ የደም ካንሰር በመጠኑ በዝቶ ስለታየ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ነገሩን እንደገና መርምሮ፣ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑ አለመረጋገጡን፣ ነገር ግን ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ማድረግ ተገቢ መሆኑን አስታወቀ።

ይህ ምድብ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃናል። በየቀኑ የምንጠጣው ቡና እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2016 በዚሁ ምድብ ውስጥ ነበር፤ በ2016 በቂ ማስረጃ የለም ተብሎ ወጥቷል። ስለዚህ «ልጆቻችን በእርግጥ ካንሰር ይይዛቸዋል» ማለት የማናውቀውን መመስከር ነው። «ምንም የለውም፣ አላዋቂዎች ናችሁ» ብሎ ወላጅን ማሳፈርም እንዲሁ የማያውቁትን መመስከር ነው። በሱረቱል ኢስራእ 36ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) እውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ሲከለክለን፣ ጆሮም ዓይንም ልብም እንደሚጠየቁበት አስታውሶናል። የምንሟገተው ለመልካም ዓላማ መሆኑ ውሸትን ሐላል አያደርግልንም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የማግኔት መስኩ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ቶሎ እየደከመ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ጠንከር ብሎ የሚገኘው ከጣቢያው አጥር ውጭ ሳይሆን ወደ ጣቢያው በሚገቡትና በሚወጡት ከፍተኛ መስመሮች ሥር ነው። ስለዚህ ወላጅ «ጣቢያው ከትምህርት ቤቱ ስንት ሜትር ይርቃል?» ብቻ ሳይሆን «መስመሮቹ በየት በኩል ያልፋሉ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ለአዲስ ትምህርት ቤት መሬት ሲመረጥ ከ50 እስከ 133 ሺህ ቮልት ከሚሸከም መስመር ክልል 30 ሜትር ያህል፣ ከ220 እስከ 230 ሺህ ከሚሸከም 46 ሜትር ያህል፣ ከ500 እስከ 550 ሺህ ከሚሸከም ደግሞ 107 ሜትር ያህል እንዲርቅ ይጠየቃል።

ከካንሰሩ ወሬ ይልቅ ማንም የማይከራከርባቸው አደጋዎች ግን አሉ። በትልልቅ ትራንስፎርመሮች ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሊትር ዘይት አለ፤ እሳት ከተነሳ በቀላሉ አይጠፋም፣ ጭሱም የከፋ ነው። ትራንስፎርመር ቀንና ሌሊት ያጓራል። ከሁሉም በላይ ልጅ ልጅ ነው፤ ኳሱ አጥር ዘሎ ከገባ ተከትሎ ይገባል። ከፍተኛ ቮልት ደግሞ ሽቦውን ያልነካውን፣ የተጠጋውንም ይገድላል። ወረቀታችን ስለ እነዚህ ነገሮች አንድ መስመር እንኳ አልነበረበትም። ባልተረጋገጠው ስንጮህ የተረጋገጠውን ረስተናል።

ከሩቅ አገር የመጣ ትምህርት

በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ምሥራቅ ቦስተን የሚባል ሰፈር አለ። የከተማው አውሮፕላን ማረፊያና የአውሮፕላን ነዳጅ ማጠራቀሚያዎች የሚገኙት በዚያው አካባቢ ሲሆን፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ኤቨርሶርስ የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 በዚህ ሰፈር፣ ከወንዝ ዳር፣ ከልጆች መጫወቻ ሜዳ ፊት ለፊት ማከፋፈያ ጣቢያ ለመሥራት አቀደ። ነዋሪዎቹ ጎርፍንና እሳትን ፈርተው ተቃወሙ። ብዙዎቹ የሚናገሩት ስፓኒሽ ስለሆነ በስብሰባዎቹ ላይ በቂ ትርጉም አልቀረበልንም ብለውም አቤት አሉ። እዚያው አጠገብ የሚገኝ የዓሣ ማቀነባበሪያ ድርጅት መሣሪያዎቼ ይረበሹብኛል ብሎ ስላመለከተ የጣቢያው ቦታ በዚያው መሬት ላይ ከድርጅቱ ራቅ እንዲል ተደረገ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ጉዳዩ የከተማው ሕዝብ ድምፅ ቢሰጥበት ከመቶ ሰማንያ አራት ያህሉ ተቃወመው፤ ይሁን እንጂ ድምፁ አስገዳጅ አልነበረም። የግዛቲቱ ቦርድ በ2022 መጨረሻ ፈቃዱን አጸና፣ በ2023 ግንባታው ተጀመረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የዓሣው ድርጅት ስጋት ቦታ ሲያዘዋውር የእናቶች ስጋት አላዘዋወረም። አቅም ያለው ሲናገር ይሰማል፤ አቅም የሌለው ግን ስምንት ዓመት ተናግሮም የሚሰማው አላገኘም። ሁለተኛ፣ ጣቢያው ምንም ጉዳት ባያደርስ እንኳ ሰው በልጁ ጉዳይ በሚገባው ቋንቋ ሳይጠየቅ ከቀረ ተበድሏል። ሹራ ከውሳኔ በፊት የሚደረግ እንጂ ከውሳኔ በኋላ የሚነበብ ማስታወቂያ አይደለም።

ለብዙኃኑ ሲባል የሚባለው ቃል

የሚወስኑ ሰዎች «ለብዙኃኑ ጥቅም ሲባል ጥቂቶች ይታገሱ» ይላሉ። ደንቡ በሸሪዓችንም እንዳለ ከላይ አይተናል። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚታገሱት እነዚያው ሰዎች ከሆኑ ነገሩ ዙልም ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የመካን ሐረም ባስፋፉ ጊዜ በዙሪያው የነበሩትን ቤቶች የወሰዱት ዋጋቸውን ከፍለው ነበር። የተሠራው ሥራ የካዕባ ሆኖ ሳለ የሰው ሐቅ አልተዘለለም። ታዲያ ለመብራት ሲባል የድሃ ሐቅ እንዴት ይዘለላል?

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው በሌላ ሰው አትክልት ውስጥ የተምር ዛፎች ነበሩት። ወደ ዛፎቹ ሲመላለስ የአትክልቱን ባለቤትና ቤተሰቡን ያስቸግር ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲሸጥ ጠየቁት፣ እምቢ አለ። በሌላ ቦታ እንዲለውጥ ጠየቁት፣ እምቢ አለ። በስጦታ እንዲሰጥ ምንዳውን ነገሩት፣ አሁንም እምቢ አለ። በዚህ ጊዜ ጎጂ መሆኑን ነግረውት ዛፎቹ እንዲነቀሉ አዘዙ። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ! መጀመሪያ አማራጮች አንድ በአንድ ቀረቡ። የመብራት ባለሥልጣንም ሆነ ተቃዋሚው ወላጅ አማራጮቹን ሁሉ ሳያይ «ይሄ ብቻ» ካለ ከዚህ ሱንና ርቋል።

ውድ ወላጆች! በሱረቱ ኒሳእ 9ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ደካማ ልጆችን ከኋላቸው ትተው ቢሄዱ ኖሮ የሚሰጉላቸው ሰዎች፣ በሌሎች ደካማ ልጆች ጉዳይ አላህን እንዲፈሩ ያዛል። የተፍሲር ሊቃውንት ይህን ስለ የቲሞች ሐቅ ይተነትኑታል። ትምህርቱ ግን ሰፊ ነው፤ አላህ ለልጃችን ያለንን ፍርሃት አልነቀፈብንም፤ በዚያው ፍርሃት የሰውን ልጅ እንድንመዝን አዘዘን እንጂ። ከወንዙ ማዶ የመጣችው እናት የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ቁርኣን አስተማሪዋ ሆኜ ሳለ አንቀጹን በሥራ ያስታወሰችኝ እሷ ናት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ፊርማ ምስክርነት ነው። የምንፈርምበትን ወረቀት እስከ መጨረሻው ገጽ እናንብብ፤ የማናውቀው ከተጻፈበት ይስተካከል እንበል። የምንጠይቀውንም በግልጽ እንወቅ፦ ከአጥር እስከ መማሪያ ክፍል ስንት ሜትር ነው? መስመሮቹ በየት ያልፋሉ? በመሬት ውስጥ ሊቀበሩ ይችላሉ? ዘይቱ ቢፈስ የሚያጠራቅም ጉድጓድ አለ? እሳት ቢነሳ የሚከላከል ግድግዳ በትራንስፎርመሩና በትምህርት ቤቱ መካከል ይሠራል? አጥሩን ልጅ ሊወጣው ይችላል? ሥራ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የማግኔት መስኩ ተለክቶ ለወላጆች ይነገራል? ሌሎች ቦታዎች ታይተው ነበር? በእነሱስ ላይ ማን ይኖራል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ያልጠየቀ ተቃውሞ ጉዳትን አላስወገደም፤ አዛውሯል። አንድ ጥያቄ ለሁላችንም መመዘኛ ይሁነን፦ «ለልጄ የጠየቅሁትን ርቀት ለማዶው ልጅም እጠይቃለሁን?» መልሳችን «አዎን» ከሆነ የቆምነው ለፍትሕ ነው። መልሳችን ዝምታ ከሆነ ግን የቆምነው ለሰፈራችን ብቻ ነው። በሱረቱ ኒሳእ 135ኛ አንቀጽ የታዘዝነው ደግሞ በራሳችንና በቅርብ ዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንድንቆም ነው።

በተቃራኒው ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በኩራዝ እንደሚያመሹም መርሳት የለብንም። ቡኻሪ በዘገቡት የመርከቧ ሐዲስ ከታች የተሳፈሩት ሰዎች ወለሉን ሊበሱ ያሰቡት ክፉ ስለሆኑ አልነበረም፤ ውኃ ፈልገው፣ ከላይ ያሉትንም ላለማስቸገር ብለው ነው። ከላይ ያሉት እጃቸውን ካልያዟቸው ሁሉም ይሰጥማል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን እጅ የያዘ ሰው ውኃውንም ማቀበል አለበት። ጣቢያውን የሚቃወም ሰውም ለጎረቤቱ መብራት እንዲደርሰው አብሮ መድከም ይጠበቅበታል።

ስለ እኛ ወረቀት ለማወቅ የምትፈልጉ ትኖሩ ይሆናል። ከጁሙዓ በኋላ ለሽማግሌዎቹና ለወላጆቹ ፊርማዬን እንደማነሳ፣ ሁለተኛው ገጽ ከተለወጠ ግን ቀድሜ እንደምፈርም ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ ወረቀቱን ያመጣልኝ አባት እስከ አሁን ሰላምታው ቀዝቅዞብኛል። ሌሎቹ ግን ከማዶ ሰፈር ሦስት ሰዎች ተጠርተው ወረቀቱ እንደገና እንዲጻፍ ተስማሙ። አዲሱ ወረቀት ስለ ካንሰር በእርግጠኝነት አይናገርም፤ የሚጠይቀው ርቀትና ጥንቃቄም በወንዙ ወዲህም ሆነ ወዲያ ላለ ልጅ ሁሉ ነው። ጣቢያው የት እንደሚሠራ ገና አልተወሰነም። ከተጠሩት ሦስት ሰዎች አንዷ ያቺ እናት ነበረች፤ ሁለቱንም ገጽ ልጇ እንዲያነብላት አድርጋ ሰምታ ሲያበቃ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን የምንፈራውን ለሰው ልጆችም የምንፈራ፣ የማናውቀውን ከመመስከር የምንጠበቅ፣ በፍርድ ቀን የጎረቤት ሐቅ የማይጠየቅብን ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።